ሰማይ የሚቆጥረው ሮቶ

ጁዋይሪያ ለማስተርስ መመረቂያዋ ሮቶ እያጠናች ነው የሚለውን ወሬ መቀሌ ላይ የነዙት የገዛ አባቷ ናቸው። አቶ ጀይሉ በወጣትነታቸው ከባቲ መጥተው፣ ገበያው አጠገብ ሱቅ ከፍተው ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጀሪካንና የውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፊዚክስ መማሯ ደስ ቢላቸውም ፊዚክስ ለምን እንደሚጠቅም አይገባቸውም ነበር። አንድ ቀን ግን ሱቅ መጥታ «አባ፣ ለምርምሬ አንድ ትልቅ ጥቁር ሮቶ እፈልጋለሁ» ስትላቸው ነገሩ ሁሉ በራላቸው። ከዚያ ወዲያ ሱቃቸውን የረገጠ ሰው፣ የሽንት ቤት መጥረጊያ ሊገዛ የመጣ እንኳ ቢሆን፣ «የኔ ልጅ እኮ በሮቶ ማስተርስ እየያዘች ነው! ወላሂ፣ እኔ ዕድሜዬን ስሸጠው የኖርኩትን እሷ ልትደርስበት ነው» የሚለውን ሳይሰማ አይወጣም።

ይህን ሁሉ የማውቀው ጎረቤቷ ስለነበርኩ ነው። በ2009 ዓ.ም. ዓዲ ሓቂ ውስጥ በአንድ ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ጁዋይሪያ እንዳ ኢየሱስ ካምፓስ ላብራቶሪ ውስጥ እየሠራች ትማራለች። ሦስተኛዋን ክፍል ፈንታሁን የሚባል የሐይቅ ከተማ ልጅ፣ ግንበኛ፣ ይዟታል። የግቢው ባለቤት ወይዘሮ ለተንሳኤ ናቸው፤ እኛ «ኣደይ» እንላቸዋለን፣ እናቴ እንደማለት ነው። ኣደይ ለተንሳኤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ቢሮ ውስጥ ታይፒስት ስለነበሩ አማርኛቸው እንደ ማመልከቻ የተስተካከለ ነው፤ ሲደነግጡ ብቻ ወደ ትግርኛ ይሸሻሉ። አንድ ጠባይ አላቸው፦ እግሩ ግቢያቸውን የረገጠ ሰው አፉ ላይ አንድ ነገር ሳያደርግ ከወጣ ሳምንቱን ሙሉ ያማቸዋል። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ የመብራት ኃይል ሰው አንድ ጊዜ ቸኩያለሁ ብሎ ቢወጣባቸው፣ ዳቦ ይዘው እስከ አስፋልቱ ድረስ ሲያባርሩት በዓይኔ አይቻለሁ።

ጁዋይሪያ ይህን ሥራ የመረጠችበት ምክንያትም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። አማካሪዋ ዶክተር ወልደአማኑኤል፣ ከሩቅ ሰማይ የሚመጣውን ጋማ ጨረር ከመሬት ላይ ሆኖ የሚይዝ መሣሪያ ንድፍ እንድትሠራ ሐሳብ ሲያቀርቡላት ሁለት መንገድ እንዳለ ነገሯት። አንደኛው በትልልቅ መስታወት የሚሠራ ነው፤ እሱ ጨረቃ የሌለችበት ጥቁር ሌሊት ይፈልጋል። ሁለተኛው በጨለማ ጋን ውስጥ በታሸገ ውሃ የሚሠራ ነው፤ እሱ ቀንም ሌትም አይመርጥም። ጁዋይሪያ መጀመሪያ መስታወቱ ነበር ልቧን የሳበው። አባቷን ስታማክር ግን አቶ ጀይሉ ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ሆነ።

«ሌሊት ነው የምትሠሪው?»

«አዎ አባ፣ ተራራ ላይ ሆኜ።»

«ሌላኛውስ?»

«ሌላኛው ቀንም ይሠራል። በሮቶ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ አቶ ጀይሉ። የመሣሪያው ዓይነት የተወሰነው በዚህ ነው።

ሮቶው እንዳ ኢየሱስ ካምፓስ ውስጥ ሊቆም ታስቦ ነበር፤ ግን የታሰበለት ቦታ ላይ ግንባታ ተጀመረ። ሌላ ቦታ እስኪገኝ ሥራው እንዳይቆም ጁዋይሪያ ኣደይ ለተንሳኤን ለመነቻቸው፤ እሳቸውም እንግዳ ስለሚወዱ፣ ሮቶም ቢሆን ግባ አሉት። አራት ሰው ተሸክሞት ገባና ከማድ ቤታቸው ግድግዳ ጋር ጀርባ ለጀርባ ቆመ።

«ጓለይ፣ ይህ ሮቶ ውሃ ሊሰጠን ነው?» አሉ ኣደይ ዙሪያውን እየዞሩት፤ «ጓለይ» ልጄ ማለት ነው።

«አይ ኣደይ፣ ከሰማይ የሚወርድ ነገር ይቆጥራል።»

«ዝናብ?»

«ዝናብ አይደለም። በጣም ሩቅ ያሉ ኮከቦች ሲፈነዱ ጋማ ጨረር የሚባል ብርሃን ይለቃሉ፤ ዓይናችን አያየውም። መሬት ሳይደርስ አየሩ ላይ ይፈረካከስና ስባሪው እንደ ካፊያ ይወርዳል። ያ ስባሪ ውሃ ውስጥ ሲገባ ከብርሃን ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ደግሞ ሰማያዊ ብልጭታ ይሰጣል። እኔ ብልጭታውን የሚያይ ዓይን ከክዳኑ ላይ እሰቅላለሁ።»

«ከብርሃን የሚፈጥን? ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«ውሃ ውስጥ ብቻ ነው ኣደይ። ብርሃን ውሃ ውስጥ ይዘገያል።»

ኣደይ ለተንሳኤ ትንሽ አሰቡበትና «ልክ ነው» አሉ። «እኔም ውሃ ውስጥ እዘገያለሁ።»

ችግሩ ውሃው ነበር። ከተማችን የሚጠጣው የዓይናለም ጉድጓድ ውሃ ለመጠጥ ምንም አይወጣለትም፤ ግን ማንቆርቆሪያ ውስጥ ሲፈላ ነጭ ቅርፊት እንደሚተው ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጁዋይሪያ ደግሞ የምትፈልገው ብልጭታውን የማይጋርድ፣ ምንም ያልተቀላቀለበት ውሃ ነው። ስለዚህ በቦቴ ያስመጣችውን ውሃ ከላብራቶሪ ባመጣችው ማጣሪያ እያሳለፈች፣ ያሳለፈችውን መልሳ እያሳለፈች፣ ብዙ ሳምንት ፈጀች። ልብስ ሊያሰጡ የወጡ ጎረቤቶች በአጥር በኩል ሲያዩዋት ቆይተው ስም አወጡላት፦ «ውሃ የምታጥበዋ ልጅ»። አንዲት ሴትዮማ በሩ ላይ አስቁማት «ሓፍተይ፣ በምን ሳሙና ነው የምታጥቢው?» ብላ ከልቧ ጠይቃታለች።

በመጨረሻ ሮቶው ሞላ፤ ዓይኑ ተሰቀለ፤ ክዳኑ በጥቁር ላስቲክ ተሸፈነ፤ ኮምፒውተሩና አንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ዓይን የተባለው ብርሃን የሚያይ የመስታወት ቱቦ ነው፤ ዶክተር ወልደአማኑኤል ከውጭ አገር ወዳጆቻቸው በስንት ልመና ያመጡት። የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ ቢያገኘው ይበላሻል። ስለዚህ ጁዋይሪያ ወደኔ መጣችና «መምህር፣ ሰው እንዳይከፍተው ማስታወቂያ ጻፍልኝ» አለችኝ። እኔም በጥሩ የእጅ ጽሕፈት «እባክዎ አይክፈቱ፤ ውስጡ ዓይን አለ» ብዬ ጽፌ ለጠፍኩ።

ማስታወቂያው ከሚገባው በላይ ሠራ። የግቢያችንን ግድግዳ ሽንት ቤት አድርጎት የነበረ አላፊ አግዳሚ ሁሉ መንገድ ቀየረ። ማታ ማታ እየዘፈነ የሚያልፈው የሰፈራችን ሰካራም በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ሮቶውን ይቅርታ ሲጠይቅ ተሰማ። በጉ የጠፋበት አንድ ሰውዬማ በሩን አንኳኩቶ፣ «ዓይን ያለው ሮቶ እዚህ ነው? በጌን በየት በኩል እንደሄደ ያየ እንደሆነ ብዬ ነው» አለን። ጁዋይሪያ ወደላይ ብቻ እንደሚያይ አስረዳችው። ሰውዬው አልተቀየመም፤ ኣደይ ለተንሳኤ ቆሎ ዘግነውለት ሄደ።

ድምፅ ማጉያዋ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ትላለች። የሚወርዱት ቅንጣቶች ከመብዛታቸው የተነሣ መቶው ተጠቅልሎ ነው አንዴ ጠቅ የሚለው። ጁዋይሪያ አብዛኞቹ ዝም ብለው ዘወትር የሚወርዱ እንደሆኑ፣ እውነተኛ የጋማ ጨረር ካፊያ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ደግሞ ብዙ ሮቶ ከፍ ያለ ተራራ ላይ መደርደር እንደሚያስፈልግ ነግራናለች። ይህኛው ንድፉ መሥራት አለመሥራቱ የሚታይበት ናሙና ነው። የሆነ ሆኖ ከሰማይ ድንገት ብዙ ቢወርድ አንዱም ሮቶ ቢሆን ቁጥሩ ከፍ ማለቱ አይቀርም።

«በኛም ላይ ይወርዳል?» አሉ ኣደይ አንድ ቀን።

«ይወርዳል እንጂ። በመዳፍዎ እንኳ በየሰከንዱ አንድ ሁለት ያልፋል።»

ኣደይ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት፤ ከዚያ ቀስ ብለው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

የበጋው ወራት ሲገፋ የሰፈሩ ውሃ በፈረቃ መሆኑ ቀርቶ በናፍቆት ሆነ። ጀሪካኖቻችን ተደርድረው አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። በዚያ ሁሉ መሃል ሁለት ሺህ ሊትር፣ ያውም የታጠበ ውሃ፣ ግቢያችን ውስጥ ቆሟል። ሰው ሲያልፍ ያየዋል፤ ጁዋይሪያም ሰው ሲያየው ታየዋለች። ጨነቃት። «አንድ ቀን ካምፓስ ውዬ ስመለስ ባዶውን ባገኘውስ?» አለችኝ። ከዚያም መፍትሔ አገኘሁ ብላ አባቷን ዘበኛ አደረገቻቸው።

አቶ ጀይሉ ሱቁን ለወንዶች ልጆቻቸው ትተው፣ ከሱቁ የፕላስቲክ ወንበርና ጃንጥላ ይዘው መጡ። በጠዋት ይመጣሉ፤ ከሮቶው ፊት ለፊት ተቀምጠው ተስቢሐቸውን እየቆጠሩ ይውላሉ። እሳቸው ይቆጥራሉ፤ ሮቶውም ይቆጥራል። ያለፈ ያገደመውን «አትጠጋ ወንድሜ፣ ሳይንስ ነው» ይሉታል።

ሰውዬው ሶላት የሚያስተጓጉሉ አይደሉም። የመጀመሪያው ቀን የቀትሩ ሶላት ዙሁር ሲደርስ ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት ትጥበት፣ ውሃ ፈለጉ፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ ጠብታ የለም። «በአፈርም ይቻላል» ብለው ሊነሡ ሲሉ ኣደይ ለተንሳኤ ደነገጡ።

«ዋይ! እንግዳዬ በአፈር ሊታጠብ? ቁጭ በል ሓወይ ጀይሉ። ውሃ አለ።»

ማድ ቤት ገብተው ትንሽ ቆይተው ሙሉ ማንቆርቆሪያ ይዘው ወጡ። አቶ ጀይሉ እጃቸውን፣ ፊታቸውን፣ እግራቸውን ታጥበው ሰገዱ። የዘጠኝ ሰዓቱ ሶላት አስር ሲደርስም፣ ፀሐይ ስትገባ መግሪብ ሲደርስም እንዲሁ። በማግስቱም እንዲሁ። ውሃው ከየት እንደሚመጣ አልጠየቁም፤ እንግዳ እንዲህ ያለውን አይጠይቅም። ብቻ እኔን «መምህር፣ የኚህ ሴትዮ ውሃ ይለያል እኮ! ሰውነትን ቅልል ያደርጋል» አሉኝ። የሚያፈሉላቸውን ሻይ ግን አልወደዱትም። «ጣዕም የለውም፤ ሻይ ቅጠል ቆጥበው ይሆናል» ብለው በሆዳቸው ያዙት።

በዚያው ሰሞን ፈንታሁን የውሃ ልኩ ጠፋበት። የውሃ ልክ ግንበኞች ግድግዳ እኩል መሆኑን የሚያዩበት ረጅም፣ ውስጡ የሚታይ ቀጭን ጎማ ነው። ግቢውን አተራምሶ ፈለገው፤ አጣው። «ያለ ውሃ ልክ የሠራሁት ግድግዳ ቢጣመም በኔ አትፍረዱ» እያለ ሲያማርር ከረመ።

ጁዋይሪያን ግን ሌላ ነገር ይዟታል። በኮምፒውተሩ ላይ የሚሳለው መስመር እንደ ሜዳ ተዘርግቶ ይሄድና ቀትር ላይ ድንገት ተራራ ይሆናል። ከዚያ ይወርዳል። ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል ደግሞ ሌላ ተራራ። ማታ ጭጭ። ሙቀት ነው ብላ ሮቶውን በጆንያ ሸፈነችው፤ ተራራው አልቀረም። የኤሌክትሪክ ችግር ነው ብላ ሽቦውን ሁሉ ቀየረች፤ አልቀረም። ፈንታሁን ቀትር ላይ ሬዲዮ እንዳይከፍት ለመነችው፤ እሱ ቀትር ላይ ቤት የለም። ይልቁንም ዓርብ ዓርብ፣ አባቷ መስጊድ በሚሄዱበት ቀን፣ የቀትሩ ተራራ የለም። ይህን አየች፤ ግን አባቷን ከሩቅ ኮከብ ጋር ምን እንደሚያገናኛቸው ልታስብ አልቻለችም።

በመጨረሻ ለዶክተር ወልደአማኑኤል ደወለች። ዶክተሩ ጥሩ ሰው፣ ጥሩ ምሁር፣ ግን ሲደሰቱ ድምፃቸው ገደብ የለውም። ጁዋይሪያ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ስለያዘችው በረንዳ ላይ ያለን ሁላችን ሰማን።

«ምንጭ ነው! ጁዋይሪያ፣ አዲስ ምንጭ አግኝተሻል!»

«ዶክተር፣ ገና ነው፤ እኔ ስሕተት ያለ ይመስለኛል—»

«ትልቅ ምንጭ ነው እንጂ! ከአዲስ አበባ የመጡ ሁለት እንግዶች አሉኝ፤ ነገ ይዣቸው እመጣለሁ። ግቢሽ ውስጥ ምንጭ!»

እዚህ ላይ እንደ አማርኛ መምህርነቴ ለቃሉ ጥብቅና መቆም አለብኝ። የፊዚክስ ሰዎች ጨረር የሚወጣበትን የሰማይ ቦታ ሁሉ «ምንጭ» ይሉታል፤ ስሕተት የለበትም። ግን ፈንታሁን የሐይቅ ልጅ ነው። እዚያ አገር ምንጭ ማለት የውሃ ምንጭ ነው። ወዲያው ተነሥቶ ጫማውን አጠለቀ፤ ወዴት እንደሄደ አልጠየቅነውም።

በማግስቱ ከቤት ስወጣ ከግቢያችን በር እስከ አስፋልቱ ድረስ ቢጫ ጀሪካን ተሰልፏል። ከጀሪካኖቹ ኋላ ሰው፣ ከሰዎቹ ኋላ ሁለት አህያና አንድ ባጃጅ። ፈንታሁን የሰልፉ መጀመሪያ ላይ ሦስት ጀሪካን ይዞ ቆሟል። አቶ ጀይሉ በሩን በወንበራቸው ዘግተው ላባቸው እየተንጠፈጠፈ ያስረዳሉ።

«ወገን፣ ምንጩ እዚህ አይደለም! ምንጩ ሰማይ ላይ ነው!»

«ታዲያ መቼ ይወርዳል?» አለች አንዲት ሴት።

«ሁልጊዜ ይወርዳል፤ ግን አይጠጣም!»

«ኣቦይ፣ ሳንቀምሰው አይጠጣም አይበሉን» አለ የባጃጁ ሹፌር፣ በትሕትና።

ጁዋይሪያ ብቅ ብላ ሰልፉን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። ሰዉን ለመበተን አፏን ሳትከፍት የዶክተር ወልደአማኑኤል መኪና ደረሰ። ዶክተሩ ሙሉ ልብስና ክራቫት አድርገዋል። ከሳቸው ጋር ሁለት ምሁራን ወረዱና ሰልፉን አይተው ተያዩ።

«ኅብረተሰቡ ለሳይንስ ያለው ፍላጎት...» አለ አንደኛው፣ በመገረም።

«ሁሌም እንዲህ ነው» አሉ ዶክተሩ፤ ለምን እንዲህ እንዳሉ እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም።

እንግዶቹ ገብተው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ሰልፈኛውም በተከፈተው በር ተከትሎ ገባና ግቢው ሞላ። ጁዋይሪያ ኮምፒውተሩን ከፍታ ስለ ሮቶው፣ ስለ ዓይኑ፣ ስለ ጥቁሩ ላስቲክ ማስረዳት ጀመረች። ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ኣደይ ለተንሳኤ ሁለት የአዲስ አበባ እንግዳ፣ አንድ ዶክተርና አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው ግቢያቸው ውስጥ ማየታቸው የደስታ ቀን ሆኖባቸዋል። ነጠላቸውን አጣፍተው ማድ ቤት ገቡ።

ትንሽ ቆይቶ ጠቅ ጠቁ ተቀጣጠለ። ጠጠጠጠጠቅ! መስመሩ ወደላይ ተተኮሰ።

«መጣ!» አሉ ዶክተር ወልደአማኑኤል ብድግ ብለው። «ይኸው! ምንጩ መጣ!»

ግቢው በእልልታ ተናጋ። ጀሪካን ከጀሪካን ተጋጨ። አህያዋ ጮኸች። አንደኛው ምሁር ስልኩን አውጥቶ ይቀርጽ ጀመር።

ድምፁ ረገብ አለ። ኣደይ ለተንሳኤ በትሪ ላይ ብርጭቆ ደርድረው፣ ጆግ ሙሉ ውሃ ይዘው ወጡ። «ጠጡ ደቀይ፣ ጠጡ ልጆቼ፣ ፀሐይ ነው» እያሉ ለእንግዶቹ ቀዱ። ጆጉ ከሰልፈኛው ፊተኞች ጋ ሲደርስ አለቀ። ኣደይ ተመልሰው ገቡ። ጠጠጠጠቅ! መስመሩ ወጣ።

«ደገመ!» አሉ ዶክተሩ።

ኣደይ ጆግ ይዘው ወጡ። መስመሩ ወረደ።

ጁዋይሪያ ኮምፒውተሩን አየች። ጆጉን አየች። አባቷን አየች። ከዚያ በሮቶውና በማድ ቤቱ መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ገባች። እኔም ተከተልኳት። ኣደይ ለተንሳኤ ለሦስተኛ ጊዜ ማድ ቤት ገብተው ስለነበር በመስኮቱ በኩል ፊት ለፊት ተገጣጠምን። በሮቶው ጀርባ፣ ትርፍ ውሃ በሚወጣበት ቀዳዳ፣ አንድ ውስጡ የሚታይ ጎማ ገብቷል። የፀሐይ ብርሃን ጎማው ላይ አርፎ፣ በጎማው ሆድ ተጉዞ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ሮቶው ጨለማ ይገባል። የጎማው ሌላኛው ጫፍ በመስኮቱ አልፎ የኣደይ ለተንሳኤ አፍ ውስጥ ነው። ውሃው እንዲመጣ እየሳቡት ነበር።

ከኋላችን አንገቱን ያሰገገው ፈንታሁን ጮኸ። «የኔ ውሃ ልክ!»

ኣደይ ጎማውን ከአፋቸው አወጡ። «ጓለይ፣ ላስረዳሽ» አሉ።

«ኣደይ!»

«ክዳኑን አልከፈትኩም። እኔ ማስታወቂያ አነባለሁ። ክዳኑን አይክፈቱ ነው የሚለው፤ አልከፈትኩም። ስጨርስ ደግሞ ብርሃን እንዳይገባ ቀዳዳውን በጥቁር ጨርቅ እደፍናለሁ።» ጥቁሩን ጨርቅ አሳዩን፤ በሥርዓት የተጣጠፈ ነው። «አባትሽ በአፈር ሊታጠብ ነበር። እኔ ቤት! ምን ላድርግ?»

ዶክተር ወልደአማኑኤል በእጃቸው የያዙትን ብርጭቆ አዩት፤ ግማሹን ጠጥተውታል። ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከአዲስ አበባ የመጣው ምሁር «ለነገሩ... ጣዕም የለውም ስል ነበር» አለ።

ከሁሉ የደነገጡት ግን አቶ ጀይሉ ናቸው። ዘበኛ ተብለው ተቀምጠው፣ የሚጠብቁትን ውሃ በቀን ሦስት ጊዜ ሲታጠቡበት ኖረዋል። ወንበራቸውን ትተው ወደ ልጃቸው መጡ።

«ልጄ፣ ያለ ፈቃድሽ ውዱእ አድርጌበታለሁ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

ጁዋይሪያ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ልታለቅስ ነው ብዬ ቀረብኳት። ሳቅ ነበር የያዛት። «አውፍ ብያለሁ አባ» አለችና ጎማውን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ ብላ እስኪያማት ሳቀች። ኣደይ ለተንሳኤም ሳቁ፤ ከዚያ ግቢውን የሞላው ሰው ሁሉ። ዶክተሩ ብቻ ክራቫታቸውን አላልተው ተቀመጡ። «ታዲያ የማታው ተራራ ያልታየው...» ሲሉ፣ «ማታማ ፀሐይ የለም» አለች ጁዋይሪያ ዓይኗን እየጠረገች፤ «አባ ለመግሪብም ታጥበዋል፣ ጎማው ግን የሚያስገባው ብርሃን አልነበረም።»

ክዳኑን በጥቁር ድንኳን ጋርዳ ብትለካው ውሃው ክንድ ያህል ጎድሏል። ሰልፈኛው ውሃ ሳያገኝ ቢመለስም ወሬ አግኝቷልና ማንም ቅር አላለውም።

በማግስቱ ዶክተር ወልደአማኑኤል ደውለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ርዕሱን ብትቀይሪውስ አሏት። ጁዋይሪያ እንዳሰብኩት አልተከፋችም። ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ ተቀምጣ እርሳሷን እየነከሰች ስትስል ዋለች። አመሻሹ ላይ ወደኔ መጣች።

«መምህር፣ እኔ ያጠናሁት ስለ ብርሃን፣ ስለ ውሃ፣ ስለ አየር ነው። ስለ ጥማት አንድ መስመር አልጻፍኩም። መሣሪያው ነገ ተራራ ላይ ቢቆምም እዚያ ያለው ሰው ይጠማዋል። ሰው ሁሉ ዘበኛ ይቀመጥበት ልል ነው? ዘበኛውም ይጠማዋል።»

ንድፏን አሳየችኝ። ሁለት ሆድ ያለው ሮቶ ነው። የውስጠኛው ሆድ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ዙሪያውን የተበየደ ከረጢት ነው፤ የታጠበው ውሃና ዓይኑ እዚያ ውስጥ ይታሸጋሉ፤ ቀዳዳ የሚባል የለውም። የውጭኛው ሆድ ተራ የመጠጥ ውሃ ይይዛል፤ ቧንቧም አለው። የውጭኛው ውሃ ውስጠኛውን ከፀሐይ ሙቀት ይጠብቀዋል፤ የጠማውም ሰው ቧንቧውን ከፍቶ ይጠጣል።

ከረጢቱን ማን ይሥራው ሲባል አቶ ጀይሉ ላስቲክ የሚበይዱ ወዳጆቻቸውን ሁሉ አስነሡ። የመጀመሪያው ከረጢት አፈሰሰ። ሁለተኛው ሲሞላ ተነፋፍቶ ክዳኑን ገፍትሮ ወጣና እንደ ጠገበ ጉማሬ ጠርዙ ላይ ተንጠለጠለ፤ ፈንታሁንና እኔ ገፍተን ልንመልሰው ስንታገል ሁለታችንም ታጠብን። ሦስተኛው ቆመ። ጠቅ ጠቁ ቀጠለ፤ ቀትር ላይ ተራራ የለም። አቶ ጀይሉ በገዛ ፈቃዳቸው ቧንቧውን ከፍተው፣ ልጃቸው እያየች፣ ውዱእ አደረጉ። ሁላችን መስመሩን አፍጥጠን ብናየው ንቅንቅ አላለም። ኣደይ ለተንሳኤ እልል አሉ።

ያልታሰበ ነገርም መጣ። የውጭኛው ውሃ ሲጎድል ወደ ውስጥ የሚያልፉት ቅንጣቶች በጥቂቱ ይጨምራሉ። ስለዚህ ጁዋይሪያ ካምፓስ ተቀምጣ በኢንተርኔት የሚደርሳትን ቁጥር በማየት ብቻ ግቢው ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንደፈሰሰ ታውቅ ጀመር። አንድ ቀን ስልክ ደውላ «ኣደይ፣ ዛሬ ብርድ ልብስ አጥበዋል?» አለቻቸው። ኣደይ ስልኩን ዘግተው ወደ ሰማይ አማተቡ። ከዚያ ወዲያ ትልልቅ ልብስ የሚያጥቡት ጁዋይሪያን አስፈቅደው ሆነ።

የመመረቂያ ጽሑፏን ያቀረበች ቀን ከፈታኞቿ አንዱ ጠበቅ ያለ ሰው ነበር። «የውጭኛው ክፍል ለልኬቱ አስፈላጊ ነው ወይስ ለማኅበራዊ ጉዳይ?» ሲል ጠየቃት። ጁዋይሪያ «ያለሱ ልኬቱ አንድ ሳምንት አይቆይም፤ ሞክሬዋለሁ» ብላ፣ የመጀመሪያውን ሮቶ የቀትር ተራራና የሁለተኛውን ሜዳ ጎን ለጎን አሳየችው። ስለ ውዱእ አንድም ቃል አልተነፈሰችም፤ ምክንያቱን «ያልተመዘገበ የውሃ አጠቃቀም» ብላ ነው የጻፈችው። ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡት አቶ ጀይሉና ኣደይ ለተንሳኤ ይህን ሲሰሙ ሁለቱም በአንድ ጊዜ መሬት መሬት አዩ። አለፈች፤ ያውም በጥሩ ውጤት።

እኔ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሬ ከግቢው ከወጣሁ በኋላ፣ ከማይጨው በላይ ተራራ ላይ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ባለ ሁለት ሆድ ሮቶዎች መተከላቸውን ሰማሁ። በ2011 ዓ.ም. ሕዳር ላይ ጁዋይሪያን መናኸሪያ አገኘኋት። በሁለት እጇ የታሰረ የጋቢ ክምር ተሸክማለች።

«ሠርግ ነው?» አልኳት።

«አይደለም መምህር። ተራራው ላይ ውርጭ ነው፤ የውጭኛው ውሃ በረዶ እየሠራ አስቸገረኝ። ሌላ መሸፈኛ እስካገኝ ድረስ ጋቢ እያለበስኳቸው ነው። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ጋቢ ለብሰው ተደርድረው ሲያያቸው፣ ያገሩ ሰው በጭጋግ ውስጥ ሽማግሌ እየመሰሉት ቆሞ ሰላም ይላቸዋል። ርዕሰ መምህሩ ትናንት ደውሎ፣ አንድ ወላጅ ለልጁ እጮኛ ጠይቁልኝ ብሎ ሽምግልና ሊልካቸው መጥቶ ነበር አለኝ።»

«ምን ብለው መለሱለት?»

«ዝም ማለታቸውን እንደ እሺታ ቆጥሮት ሄደ» አለችኝና፣ አውቶቡሱ ሊሄድባት ሲል ጋቢዎቿን አቅፋ ሮጠች።